ጥርሱ የወረደ ሲንጀር

የካቲት 16 ቀን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ገና ጎህ ሳይቀድ በነጭ ልብስ ይሞላል። በየካ በኩል ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ የሚወጣው፣ በጉለሌ በኩል ሽሮ ሜዳን አልፎ ዳገቱን የተያያዘው፣ ሌሊቱን በጸሎት ያደረው ምእመን ባሕር ዛፉ መሐል ይገናኛል። ታቦቱ ሲወጣ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በጥላዎቹ ላይ ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ከፋይ፣ በላዩ ላይ በወርቀ ዘቦ የተጠለፈ መስቀልና ሐረግ። ከጥላው ዝቅ ሲሉ የካህናቱ ካባ፣ ከካባው ዝቅ ሲሉ ደግሞ የሴቶቹ ቀሚስ አለ፤ ከአንገት ተነሥቶ ደረት ላይ ሰፋ የሚል፣ ቁልቁል ወርዶ በመስቀል የሚያበቃ ጥልፍ። ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ጥልፉ የአሠራሩን ነገር አይደብቅም። ሐረጉ ቀጥ ብሎ በሚሄድበት ቦታ ስፌቱ ረዘም ረዘም ይላል፤ በሚታጠፍበት ቦታ ይጠጋጋል፤ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ክር በክር ላይ ተደራርቦ ትንሽ ጉብታ ይሠራል። የግራው ቅጠል የቀኙን ይመስላል እንጂ ልክ እሱን አይደለም። በእጅ መርፌ የተሠራ ነው እንዳይባል ስፌቱ እጅግ ደቃቅና ጥብቅ ነው፤ ኮምፒውተር ጠለፈው እንዳይባል ደግሞ የሰው እጅ አካሄድ ይታይበታል።

የዚህ ዓይነቱ ሥራ አንዱ መገኛ ከዳገቱ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ነው፤ የጋሞ ሸማኔዎች ጥበብ በሚሸጥባቸው መደብሮች አካባቢ ባሉ ጠባብ ክፍሎች፣ በእግር በሚረገጥ ጥቁር የስፌት መኪና። ጠላፊው ሥራ ሲጀምር የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ለጀማሪ ልብስ ሰፊ አትንካ የሚባለውን ነው፤ ጨርቁን ከላይ የሚጫነውን የመኪናውን እግር ፈትቶ ያስቀምጣል። ቀጥሎ ከመርፌው ሥር ሆነው ጨርቁን ወደ ኋላ የሚጎትቱትን ጥርሶች ያወርዳል፤ መኪናው ማውረጃ ከሌለው በስስ ቆርቆሮ ይሸፍናቸዋል። ጨርቁን በሁለት ክብ እንጨቶች መካከል ይወጥራል። አወጣጠሩ ግን የእጅ ጥልፍ ከሚወጠርበት የተገላቢጦሽ ነው፤ ጨርቁ ከክቡ በታች ሆኖ ከመኪናው ገበታ ጋር ልጥፍ ብሎ ይተኛል። ከዚያ እግሩ መርገጥ ሲጀምር መርፌው ባለበት ቆሞ ይወጣል ይወርዳል፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ ዙሪያውን የሚሄደው ጨርቁ ነው። ብዕሩ ቆሞ ወረቀቱ እየተንቀሳቀሰ የሚጻፍ ጽሕፈት ቢኖር ይህን ይመስላል።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በአውስትራሊያ ይህንኑ ዘዴ ክዊልት በሚሉት ድርብ ብርድ ልብስ ላይ ይሠሩበታል። ከላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ፣ ከመሐል ጥጥ ተነጥፎ፣ ከሥር ገበር ገብቶ፣ ሦስቱ ድርብ በነጻ እጅ በተሳለ የስፌት መስመር ይያያዛል። ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ መኪና አለ፤ የሚከፈልበት ኮርስ አለ፤ ልዩ ጓንትና ልዩ እግርም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በቤቷ መኪና ይህን ለመማር የፈለገች ሴት በመጀመሪያ የምታገኘው ይህንኑ የባሕር ማዶ ዕቃ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩን አይታ ተስፋ ብትቆርጥ አይፈረድባትም። እኔ የምለው ግን ዋናው ሙያ ከእንጦጦ ግርጌ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረ ነው፤ መማርም ያለባት ከጠላፊው ዘንድ፣ በሚረገጠው መኪና ላይ ነው። ይህን የምለው ለአገር ኩራት ብዬ አይደለም። ምክንያቱ በመኪናው አሠራር ውስጥ ያለ ነው፤ ለማየትም የመኪናውን ታሪክ በአጭሩ መመልከት ይበቃል።

በ1830 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ባርተለሚ ቲሞንዬ ያስመዘገበው የስፌት መኪና የጠላፊዎችን ቆልማማ መርፌ በማሽን የሚኮርጅ ነበር። መኪናው ከጥልፍ ተወለደ ማለት ይቻላል። በ1846 ኤልያስ ሃው ሁለት ክር ከላይና ከታች የሚያቆላልፈውን ስፌት አስመዘገበ፤ በ1851 አይዛክ ሲንገር ስሙ ሲንጀር ተብሎ እዚህ አገር የዕቃው ሁሉ መጠሪያ እስኪሆን የዘለቀውን መኪና አወጣ። ለእኛ ጉዳይ ግን ከሁሉም የሚበልጠው አለን ዊልሰን የተባለው ሰው በ1854 ያስመዘገበው ነገር ነው፤ ከሥር ብቅ ብለው ጨርቁን ይዘው ወደ ኋላ የሚሄዱ፣ ዝቅ ብለው የሚመለሱ፣ እንደገና ብቅ የሚሉ ጥርሶች። እነዚህ ጥርሶች ከሰፊው እጅ አንድ ውሳኔ ወሰዱ። የእያንዳንዱ ስፌት ርዝመት ከዚያ ወዲያ የሚወሰነው በመኪናው ነው፤ ሰው የቀረው ሥራ አቅጣጫውን መጠበቅ ብቻ ነው። ፋብሪካ ሸሚዝ በሺህ ማምረት የቻለው በዚህ ነው። ጥርሶቹን ማውረድ ማለት ያን ውሳኔ መልሶ በእጅ መውሰድ ማለት ነው። ሲንገር ኩባንያ ራሱ ይህን ያውቅ ነበር፤ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በተራ የቤት መኪና ዳንቴልና ጥልፍ መሥራትን የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትሞ ነበር።

ውሳኔው ወደ እጅ ሲመለስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። መርፌው በደቂቃ 600 ጊዜ ቢወርድ በሰከንድ 10 ጊዜ ነው። 2.5 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው እኩል ስፌት ለማግኘት እጅ ጨርቁን በየሰከንዱ 25 ሚሊ ሜትር ማስኬድ አለበት፤ ሳይፈጥን፣ ሳይዘገይ፣ ሐረጉ ሲታጠፍም ጭምር። እጁ ፈጥኖ 50 ሚሊ ሜትር ቢሄድ ስፌቱ በእጥፍ ይረዝምና ክሩ ይላላል። ግማሽ ሰከንድ ቢያመነታ አምስት ስፌት በአንድ ቀዳዳ ላይ ይቆለልና ክሩ ይቋጠራል፣ ወይም ይበጠሳል። ጀማሪ ሁሉ መታጠፊያ ላይ የሚሰናከለው ለዚህ ነው፤ ዓይኑ መንገዱን ሲፈልግ እጁ ይቆማል፣ እግሩ ግን አይቆምም። ስለዚህ መማር የሚያስፈልገው ነገር ንድፍ አይደለም። የእግርና የእጅ ስምምነት ነው። ይህ ደግሞ ተነግሮ የሚገባ ሳይሆን በብጣሽ ጨርቅ ላይ ተደጋግሞ ሰውነት ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

እዚህ ላይ የሚረገጠው መኪና ከአዲሱ የኤሌክትሪክ መኪና ይበልጣል ብል ይገርም ይሆናል። በእጅ የሚዞረው መኪና ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ አንዱ እጅ መዘውሩን ሲያዞር ጨርቁን የሚመራ እጅ አንድ ብቻ ይቀራልና። ርካሹ የኤሌክትሪክ መኪና ሁለቱንም እጅ ነጻ ያወጣል፤ ችግሩ በዝግታ አይታዘዝም። ፔዳሉን ትንሽ ሲነኩት ዝም ይላል፣ ትንሽ ሲጨምሩለት ይፈነጠራል። የሚረገጠው መኪና ትልቁ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር መርፌው አራት አምስት ጊዜ ያህል ይወርዳል፤ ፍጥነቱ በቀጥታ ከቁርጭምጭሚት የሚመጣ በመሆኑ በጣም በዝግታ፣ ስፌት በስፌት ማስኬድ ይቻላል። መብራት ሲጠፋ አይቆምም፤ ይህ ለእንጦጦ ሥር መንደሮች ትንሽ ነገር አይደለም። የድሮው ሲንጀርም ሆነ ከእሱ የተቀዳው የቻይናው በተርፍላይ ብረቱ ከባድ ነው፤ ሲፈጥንም ገበታው ላይ አይንቀጠቀጥም። በየመንደሩ መለዋወጫውም ጠጋኙም አለ። ውድድሩ ላይ የሚሸነፈው በአንድ ነገር ነው፤ እግር ተሰናክሎ ጎማው ወደ ኋላ ከዞረ ክሩ ይቆለፋል። የመጀመሪያው ትምህርት ስለዚህ ያለ ክርና ያለ ጨርቅ መርገጥ ነው፤ እግር ወደ ኋላ መሳሳቱን እስኪያቆም ድረስ።

የጠላፊው ወንበር ከሚያስተምረው ነገር ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው ብልሽትን ማንበብ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ምሳሌ እንይ። ጀማሪው የመኪናውን እግር ፈትቶ አውጥቷል፤ ስለዚህ እግሩን የሚያወርደውን ማንሻ ረስቶ እንደተነሣ ይተወዋል። ምን ሊጫን ያወርደዋል? ጥቂት ስፌት እንደሄደ ከጨርቁ ሥር የክር ጎጆ ይሠራል፤ ክሩ ተጠላልፎ መኪናው ይነክሳል። ጀማሪው ችግሩ ከሥር ስለታየ የሥረኛው ክር የሚጠቀለልበትን ቦቢን ይወቅሳል፣ አውጥቶ ያጸዳል፣ እንደገና ያስገባል፤ ችግሩ አይለቅም። ጥፋቱ ግን ከላይ ነው። ያ ማንሻ እግሩን ብቻ አይደለም የሚያዘው፤ የላይኛውን ክር የሚያጠብቁት ሁለት ክብ ብረቶች የሚገጥሙት እሱ ሲወርድ ነው። ማንሻው እንደተነሣ ከቀረ ብረቶቹ ክፍት ናቸው፣ ክሩ ያለ ልጓም ይፈስሳል፣ የፈሰሰውም ከሥር ይከማቻል። ጠላፊው ይህን ጎጆውን ሳያይ፣ በመኪናው ድምፅ ብቻ ያውቀዋል። መርፌ ሲሰበርም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ጊዜ መርፌው ጥፋት የለበትም። እጅ ጨርቁን የጎተተው መርፌው ገና ጨርቁ ውስጥ እያለ ስለሆነ መርፌው ይታጠፍና ከሥሩ ያለውን ብረት ይመታል። መታጠፊያ ላይ ከሥር በኩል የሽፋሽፍት ዓይነት ክር ቢታይ ደግሞ እጅ ከእግር ቀድሟል ማለት ነው። ከመጀመሩ በፊት የሥረኛውን ክር ስቦ ወደ ላይ ማውጣትና ሁለቱን ጫፍ በጣት መያዝ የመሳሰለው ልማድ መጽሐፍ ላይ አንድ መስመር ነው፤ ጠላፊው አጠገብ ለተቀመጠ ግን በየሥራው መነሻ የሚታይ ነው።

ከጥልፍ ወደ ድርብ ጨርቅ ሲታለፍ የሚለወጥ ነገር እንዳለ መካድ አይቻልም። ጠላፊው ጨርቁን በክብ እንጨት ይወጥራል፤ ባለ ሦስት ድርቡን ግን መወጠር አያስፈልግም፣ ውፍረቱ ራሱ ወጥሮ ይይዘዋል። በምትኩ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ከላይ ያለው ድርብ ከሥር ካለው ተለይቶ ይንሸራተትና ገበሩ ይጨማደዳል። መድኃኒቱ አስቀድሞ ከመሐል ወደ ዳር ረጃጅም ጊዜያዊ ስፌት በእጅ መስፋት ነው፤ አሰልቺ ስለሆነ ሁሉም ሊዘለው ይፈልጋል፣ የዘለለውም ይጸጸትበታል። እግር አውልቆ መሥራትም እዚህ አይመችም፤ መርፌው ሲነሣ ወፍራሙ ጨርቅ አብሮ ስለሚነሣ ስፌት ይዘላል። ስለዚህ መርፌው ሲወርድ ብቻ ጨርቁን ጫን የሚያደርግ፣ ሲነሣ የሚለቅ፣ ስፕሪንግ ያለው የመጠቃቀሚያ እግር ይገጠማል። የቤት መኪና ደግሞ በመርፌውና በቆመው አካሉ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ የአልጋ ልክ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በዚያ ሲያልፍ ክብደቱ እጅን ይጎትታል፣ እጅ ሲጎተት ስፌቱ ይዛባል። ብልሃቱ በትናንሽ አራት ማዕዘን እየሠሩ በኋላ ማገጣጠም ነው። እነዚህ ሁሉ ግን እግርና እጅ ከተስማሙ በኋላ የሚመጡ፣ በቀላሉ የሚለመዱ ጭማሪዎች ናቸው። ዋናውን ሳይዙ በእነሱ መጀመር ነው ብዙውን ሰው የሚያስጥለው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልግባ። የመጀመሪያው የጥበብ ወዳጆች ተቃውሞ ነው፦ መኪና መኪና ነው፣ ጥልፍ ማለት በእጅ መርፌ የተሠራው ነው ይላሉ። ማስረጃም አያጡም። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ በደፉበት በእንጦጦ ማርያም ያለው ሙዚየም የዚያን ዘመን የቤተ መንግሥት አልባሳት ይዟል። ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ደግሞ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ የሚባል በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ አለ። እንዲህ ያለውን ሥራ መኪና አይተካውም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ተቃውሞው መሥፈርቱን ያሳስታል። በእጅና በመኪና መካከል ያለው ልዩነት መርፌውን ምን እንደሚያነሣው አይመስለኝም፤ እያንዳንዱ ስፌት የት እንደሚወድቅ ማን እንደሚወስን ነው። ጥርሱ በወረደ መኪና ይህን የሚወስነው ሰው ነው። የክዊልት ዓለምም በዚህ ጉዳይ ዓመታት ሲከራከር ኖሮ በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ፓዱካ ከተማ በሚደረገው ትልቅ ውድድር ካረል ብራየር ፋለርት በመኪና የሰፋችው ሥራ የበላይ ሽልማቱን ወሰደ፤ በዚያ ውድድር በመኪና የተሰፋ ሥራ እንዲህ ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነበር። በጊዜው የተቆጡ ነበሩ። ዛሬ ስለ ሥራው ውበት እንጂ ስለ ሞተሩ ብዙ የሚከራከር የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ኮምፒውተር ጥልፍ መጣ። ንድፉ አንድ ጊዜ ከገባ መኪናው ያለ ሰው እጅ አሥሩን ቀሚስ አንድ ዓይነት አድርጎ ያወጣል፤ ቤተሰብ ለሠርግ አንድ ዓይነት ልብስ ሲያዝ ጠላፊው ሊወዳደረው አይችልም። በዚያ ላይ ከውጭ የሚገባው ጥበብ መሳይ የታተመ ጨርቅ አለ፤ እሱ ከጥልፍም ከሽመናም ዋጋ በታች ነው። ይህን ፉክክር ጠላፊው ያሸንፋል የሚል ሰው ገበያውን አላየም። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው ሙያው አይጠቅምም የሚል መደምደሚያ አይደለም። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በራሱ ክፈፍ ውስጥ ሊወጠር የሚችል፣ ለብዙ ጊዜ የሚደጋገም ሥራ ነው። አንዲት እናት ያረጀ የሠርግ ቀሚሷን ጥልፍ አንገቱ ላይ ብቻ ማደስ ብትፈልግ ለዚያች አንድ ቁራጭ ንድፍ በኮምፒውተር ማዘጋጀቱ ከሥራው ይከብዳል። ከአሮጌ ቀሚስ ላይ ሙካሽ ተቆርጦ በአዲስ ጨርቅ ላይ ሲገጠም፣ የጥላ ከፋይ ተበልቶ ሲጠገን፣ ያልተስተካከለ ውፍረት ያለው ድርብ ጨርቅ ሲሰፋ፣ መስመሩን በየቦታው እያዩ መወሰን ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ከጠላፊው የወሰደው ተደጋጋሚውን ሥራ ነው፤ የቀረው ሥራ ትንሽ ገበያ አለው። ያም ቢሆን ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው የሚስማማው ይኸው የቀረው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ በግልጽ አይነገርም፤ ፊት ላይ ይታያል እንጂ። ቁርጥራጭ ጨርቅ ቀጣጥሎ መልበስ ለእኛ ድሪቶ ነው። ድሪቶ የድህነት ምልክት ነው፤ ባሕታዊ፣ የጎዳና ሰው ይለብሰዋል፣ ሰው በእንግዳ ፊት አልጋው ላይ አያነጥፈውም። ለሙቀት ጋቢ አለን፣ አራት ድርብ ሆኖ የተሸመነ፤ ሲብስ ቡሉኮ አለ። ታዲያ ምን ጎደለን? በዚህ ንቀት ላይ ማሾፍ ቀላል ነው፣ ትክክል ግን አይደለም። የተጣፈ ልብስ የለበሰ ሰው የለበሰው ወዶ አልነበረም። ሆኖም ንቀቱ ስለ ጨርቁ ሳይሆን ስለ ችግሩ መሆኑን ለማየት ሌላ አገር መሻገር ይበቃል። በአሜሪካ አላባማ ጂስ ቤንድ በተባለች ቦታ የጥጥ እርሻ ባሮች የልጅ ልጆች የሆኑ ሴቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ የሠሩት ብርድ ልብስ፣ ለሙቀት ብቻ የተሠራው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በሂዩስተን የጥበብ ሙዚየም ተሰቅሎ ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ ሄዷል። በሕንድ ካርናታካ ደግሞ ሲዲ የሚባሉ፣ ከአፍሪካ ምሥራቅ ጠረፍ የተሻገሩ ሰዎች ዘሮች አሉ፤ ሐበሺም ይባሉ ነበር። ሴቶቻቸው ካዋንዲ የሚሉትን ድርብ ከአሮጌ ሳሪና ሸሚዝ ቁርጥራጭ ይሠራሉ፤ ከዳር ተነሥተው እየዞሩ ወደ መሐል ይሰፉታል። የእኛው ድሪቶ ከእነዚህ የሚለየው በአሠራሩ አይደለም። ማንም ቁርጥራጮቹን መርጦ፣ ቀለሙን አስቦ ሳይሠራው መቅረቱ ነው የሚለየው።

ፍላጎቱ አለ ወይ ለሚል ደግሞ መልሱ አየሩ ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል። ጋቢ ጥሩ ነው፤ ግን በእጅ ከተፈተለ ጥጥ የተሸመነ ጋቢ ዛሬ ለብዙ ቤት ውድ ነው፣ ከታጠበም ቶሎ አይደርቅም። በሌላ በኩል ሽሮ ሜዳም ሆነ መርካቶ በየልብስ ሰፊው ደጃፍ የሚጠረገው ብጥስጣሽ ብዙ ነው፤ ከአቡጀዲና ከፖፕሊን ጀምሮ የቀሚስ ጥለት ጫፍ ድረስ። የመሐሉ ድርብ ላይ ግን ልጠንቀቅ። በደጋን የተነደፈ ልቅ ጥጥ ሞቃትና ርካሽ ነው፤ ሆኖም የስፌት መስመሮቹ ተቀራርበው ካልያዙት ሲታጠብ ይሸሽና ጥግ ላይ ይቆለላል። ጀማሪ ደግሞ መስመር ማቀራረብ ያቅተዋል። የተሻለው ያረጀ ነጠላ ወይም ኩታ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፎ መሐል ማስገባት ነው። የተሸመነ ስለሆነ አይሸሽም፤ ብዙ ጊዜ ስለታጠበ ከዚያ በላይ አይሰበሰብም፤ ለመርፌም ለስላሳ ነው። ጋቢ ግን ለቤት መኪና ከበድ ይላል፤ በእሱ መጀመር አይገባም። አዲስ ሸማ ለማስገባት ያሰበ አስቀድሞ ይጠበው፤ አለበለዚያ በመጀመሪያው እጥበት መሐሉ ተሰብስቦ ላዩ ይጨማደዳል። (አንዳንዱ ባሕር ማዶ ሰው ይህን ጨማዳ መልክ ሆን ብሎ ይፈልገዋል፤ ሐበሻ ቤት ግን እንግዳ ያላለቀ ሥራ ይለዋል።)

አራተኛ፣ ሙያው በዘር የሚወረስ ነው፣ ካደጉ በኋላ አይለመድም የሚሉ አሉ። ለዚህ እንጦጦ ራሷ መልስ አላት። በጫካው ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሰብስበው፣ ጎብጠው ተሸክመው ቁልቁለቱን በመውረድ ይተዳደሩ ከነበሩት ሴቶች ጥቂቶቹ በማኅበር ተደራጅተው ሽመና ተምረዋል፤ ሻርፕና አንገት ልብስም ይሸጣሉ። ሽመና በዚህ አገር ከጥንት ጀምሮ የወንድ ሥራ ሆኖ የኖረ ነው፤ የሴቷ ድርሻ መፍተል ነበር። እነዚህ ሴቶች ከአባት ያልወረሱትን፣ ለፆታቸውም ያልተሰጠውን ሙያ ካደጉ በኋላ ያዙት። እግር ረግጦ እጅ ማስማማት ከሽመና ጉድጓድ አይከብድም።

የበለጠ የሚያከራክረው የሥልጠናው ጉዳይ ነው። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ ስፌት መማር ማለት ለብዙ ወጣት ሴት ለፋብሪካ መሰልጠን ሆኗል። እዚያ አንዷ ሰራተኛ ኮሌታ ብቻ፣ ሌላዋ እጅጌ ብቻ ትሰፋለች፤ መኪናው ፈጣን ነው፣ ጥርሱ አይወርድም፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም፤ ለአሥር ሺዎች እንጀራ የሆነ ሥራ ነው። ሆኖም አሜሪካ ለኢትዮጵያ የሰጠችውን ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ስታቋርጥ ትእዛዝ ተሰርዞ ሥራቸውን ያጡ ነበሩ፤ ኮሌታ ብቻ መስፋት የምታውቅ ሴት ወደ ቤቷ ስትመለስ ይዛ የተመለሰችው ሙያ ያለ ፋብሪካው ብዙም አይጠቅማትም። ጠላፊዋ ግን መኪናዋን፣ ክሯንና እጇን ይዛ የትም ትሠራለች። ለቀጥታ ስፌት የሚሰጠው ትምህርት ላይ የነጻ እጅ ስፌት ጥቂት ሳምንት ቢጨመርበት ወጪው ትንሽ ነው፤ መኪናው ያው ነው፣ የሚያስፈልገው ብሎን ፈትቶ ጥርሱን ማውረድ ወይም በቆርቆሮ መሸፈን ነው። አስተማሪውንም ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። የሚከብደው ጠላፊውን ወንበሩ ድረስ ሄዶ አስተማሪ ብሎ መጥራትና የሚያስተምርበትን ሰዓት መክፈል ነው። ዛሬ ልጅ ወይም ዘመድ ያልሆነ ተማሪ ጠላፊው አጠገብ ሲቀመጥ ሥራ ያስፈታዋል፤ ሥራ የፈታበትን የሚከፍለው የለም። እንዲያ ሆኖ ሙያውን ሰስቷል ብሎ መውቀስ ደግ አይደለም።

የቀረኝ የዋጋ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቹ ትክክል ናቸው። አንድ የአልጋ ልክ ድርብ ተቆርጦ፣ ተገጣጥሞ፣ በጊዜያዊ ስፌት ተይዞ፣ በነጻ እጅ ተሰፍቶ እስኪያልቅ የሚፈጀው ሰዓት በቀን ሠራተኛ ክፍያ እንኳ ቢሰላ ዋጋው ከውጭ ከሚገባው ፍላኔል ብርድ ልብስ እጅግ ይበልጣል። ቱሪስት ይገዛዋል የሚለው ተስፋ ደግሞ ሽሮ ሜዳን ለሚያውቅ ሰው ብዙ አያስኬድም፤ ቱሪስቱ ሻንጣው ውስጥ የሚገባ ሻርፕ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ሥራው የሚያዋጣው ወይ በትንሹ፣ ለትራስ ልብስ፣ ለሕፃን ማቀፊያ፣ ለመሶብ ሽፋን ሲሆን፣ ወይም ሰዓቱ ሳይቆጠር ለራስ ቤት ሲሠራ ነው። ለሕፃን ማቀፊያ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይበቃል፤ በቤት መኪና ጠባብ ቦታ ውስጥ ሳይታገል ያልፋል፣ የመሐሉ ድርብ ከአያት ነጠላ ሊሆን ይችላል። ጀማሪዋ ሐረግ ገና ካልወጣላት ትልልቅ ዙር እየሠራች ትሙላው፤ ክብ መስመር መሳትን ይደብቃል፣ ቀጥ ያለ መስመር ግን ያጋልጣል። ከላይና ከሥር አንድ ዓይነት ቀለም ክር ታድርግ። ወርቀ ዘቦው ይቆይ፤ ቶሎ ይበጠሳል፣ ዋጋውም ለመለማመጃ አይሆንም።